የጃፓን የእንጨት ሕትመት ቅጂ፦ ከፋይሉ እስከ ግድግዳው

ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ የሠራውን «ታላቁ ማዕበል» ያላየ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የካፌ ግድግዳ ላይ አለ፣ ቲሸርት ላይ አለ፣ የስልክ ሽፋን ላይ አለ። የኦርጅናሉን መጠን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ወርዱ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከኤ4 ወረቀት ይበልጣል፣ ከኤ3 ያንሳል። ሰው በእጁ ይዞ፣ ጠጋ ብሎ እንዲያየው የተሠራ ወረቀት ነው።

ቅጂውን ገዝቶ ቤቱ የሚሰቅል ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው። ከመጠን በላይ የተለጠጠ፣ ዳርዳሩ የተቆረጠ፣ እንደ ባነር የሚያብረቀርቅ። ሥዕሉ ያው ነው፤ የወደድነው ነገር ግን አብሮት አልመጣም። ከዚህ በታች የማስቀምጠው አካሄድ አንድ እምነት ላይ የቆመ ነው፦ ቅጂም ቢሆን በልኩ፣ ሳይቆረጥ፣ ወረቀትነቱ ሳይጠፋ መቅረብ አለበት። አብዛኛው ሥራ ከገንዘብ ይልቅ ጥንቃቄ ነው የሚጠይቀው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ኦርጅናሉ እንዴት እንደተሠራ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። በኋላ ስለ ወረቀት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ መስታወት የምትወስኑት ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ኡኪዮ-ኤ የሚባለው የጃፓን የእንጨት ሕትመት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሠዓሊ አለ፣ ቀራጭ አለ፣ አታሚ አለ፣ ገንዘቡን አውጥቶ የሚያሠራና የሚሸጥ አሳታሚ አለ። ሠዓሊው በቀጭን ወረቀት ላይ በቀለም ይስላል። ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ የቼሪ እንጨት ላይ ይለጠፋል። ቀራጩ መስመሮቹን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይፈለፍላል። ስለዚህ የሠዓሊው የመጀመሪያ ሥዕል እዚያው ይጠፋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ እንጨት ይቀረጻል።

አታሚው በውሃ የተበጠበጠ ቀለም በብሩሽ እንጨቱ ላይ ይቀባል። እርጥበት ያለው ወረቀት ያነጥፍበታል። ከዚያ ባረን በሚባል በቀርከሃ ቅጠል በተሸፈነ ክብ ማሻ ጀርባውን ይፈትጋል። ማተሚያ ማሽን የለም። ቀለሞቹ አንዱ ከሌላው እንዳይዛነፉ እንጨቱ ጥግ ላይ ኬንቶ የሚባል ምልክት ይቀረጻል፤ ወረቀቱ ሁልጊዜ እዚያ ምልክት ላይ ነው የሚያርፈው። ሰማዩ ላይ የምናየው ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሳሳው ቀለም ቦካሺ ይባላል። እሱም አታሚው እንጨቱ ላይ ቀለሙን በእጁ እያሳሳ የሚሠራው ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ በትንሹ ይለያያል።

ወረቀቱ ኮዞ ከሚባል የሾላ ዘመድ ከሆነ ተክል ልጥ የሚሠራ ነው። ረጅም ቃጫ ስላለው እየረጠበ ደጋግሞ ቢፈተግ አይቀደድም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ይገኛል? ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ላዩ ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ አያብረቀርቅም። ሰፊ ቀለም ባለበት ቦታ የእንጨቱ መስመር ይታያል። የወረቀቱ ተፈጥሯዊ ክሬም ቀለም ራሱ እንደ ቀለም ያገለግላል፤ የማዕበሉ አረፋ ነጭ ቀለም ተቀብቶበት አይደለም፣ ባዶ ወረቀት ነው። ቅጂያችን እነዚህን መጠበቅ አለበት።

የትኛውን ሥዕል?

«ታላቁ ማዕበል» እ.ኤ.አ. 1831 ገደማ የታተመ ነው። «የፉጂ ተራራ ሠላሳ ስድስት ገጽታዎች» ከሚባለው ተከታታይ ሥራ አንዱ ሲሆን፣ አሳታሚው ኒሺሙራያ ዮሃቺ ነበር። ተከታታዩ ስለተወደደ አሥር ተጨምረውበት በጠቅላላው 46 ሆኗል። ሆኩሳይ ያኔ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። በጊዜው ለአገሬው አዲስ የነበረው የፕሩሺያ ሰማያዊ ቀለም ለዚህ ሥራ ጉልበት ሰጥቶታል። ወደ መስመሮቹ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ጥቁር አይደሉም፤ ጥልቅ ሰማያዊ ናቸው። ጥሩ ቅጂ መሆኑን የምትለዩበት አንዱ ምልክት ይህ ነው።

ከዚሁ ተከታታይ «ቀዩ ፉጂ» የሚባለውን ለጀማሪ አብልጬ እመክራለሁ። ሰፋፊ ቀለምና ጥቂት መስመር ነው ያለው። ማተሚያው መካከለኛ ቢሆን እንኳ ብዙ አይጎዳም። ተራራው ላይ የእንጨቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የሌላውን ጃፓናዊ ሠዓሊ የሂሮሺጌን ሥራ የሚወዱ ደግሞ «በሺን-ኦሃሺ ድልድይ ላይ ድንገተኛ ዝናብ» የሚለውን ይመልከቱ። 1857 የታተመ ነው። «መቶ የኤዶ ታዋቂ ቦታዎች» ከሚለው ተከታታይ ነው፤ ኤዶ የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። ሰዎች ጃንጥላና ቆባቸውን ይዘው ድልድዩን ሲሻገሩ ዝናቡ እንደ ቀጭን ክር ይወርዳል። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎግ 1887 ላይ ይህንኑ ሥዕል በዘይት ቀለም ገልብጦታል። ይህን የመረጠ ሰው ግን ፋይሉ ላይ መደራደር የለበትም። የዝናቡ መስመሮች በጣም ቀጫጭን ናቸው። ፋይሉ ደካማ ከሆነ ዝናቡ ወደ ጭጋግ ይለወጣል።

የማልመክራቸውም አሉ። ኡታማሮና ሻራኩ የሠሯቸው ትላልቅ የሰው ፊቶች ድንቅ ናቸው። ከብዙዎቹ ኋላ ያለው መደብ ግን በማይካ ዱቄት የታተመ ነው። ማይካ የሚያብለጨልጭ ማዕድን ነው፤ ወረቀቱን ስታዘነብሉት ብርሃኑ ይንቀሳቀሳል። ፎቶ ሲነሳ ድፍን ግራጫ ይሆናል፣ ቅጂውም ድፍን ግራጫ ይወጣል። ይህን ሥራ ሙዚየም ሄዶ ማየት ይሻላል።

ፋይሉን ማግኘት

የሆኩሳይ (1760–1849) እና የሂሮሺጌ (1797–1858) ሥራዎች የቅጂ መብት የላቸውም። ማንም አሳትሞ መስቀል ይችላል። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊያን ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ካዋሴ ሃሱይ የሞተው 1957 ነው፤ የመብቱ ሁኔታ ከአገር አገር ይለያያል። የምትኖሩበትን አገር ሕግ አይታችሁ ግቡበት።

ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ በነጻ እንዲወርድ ፈቅዷል። የቺካጎ አርት ኢንስቲትዩትም እንዲሁ ያደርጋል፤ እዚያ የ«ታላቁ ማዕበል» ሦስት ኦርጅናል ሕትመቶች አሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ብዙ የጃፓን ሕትመት በድረ ገጹ አስቀምጧል። ከጉግል ምስል ፍለጋ ከማውረድ እነዚህ ጋ በቀጥታ መሄድ ይሻላል። ፍለጋው የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ሰው ቀለሙን የቀየረው፣ ዳሩን የቆረጠው ፋይል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ከአንድ እንጨት በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ይታተማል። እንጨቱ እየደከመ ይሄዳል፣ ቀጫጭን መስመሮች ይሰበራሉ። ስለዚህ «ታላቁ ማዕበል» አንድ ብቻ አይደለም። በግራ በኩል ከላይ የሥዕሉ ርዕስ የተጻፈበት ሳጥን አለ። የሳጥኑ መስመር ሙሉ ከሆነ ቀደም ብሎ የታተመ ነው፤ ተቆራርጦ ከታየ እንጨቱ ደክሞ ነበር ማለት ነው። ሰማዩ ላይ ደግሞ በአንዳንዶቹ ቀላ ያለ ደመና ይታያል፣ በብዙዎቹ ግን ደብዝዞ ጠፍቷል። የተለያዩ ሙዚየሞችን ፋይል ጎን ለጎን ከፍታችሁ አወዳድሩ። ይህ ከጠቅላላው ሥራ ሁሉ ደስ የሚለው ክፍል ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ቀጥሎ ስሌት። ለጥሩ ሕትመት በኢንች 300 ፒክስል ይበቃል። 38 ሴንቲ ሜትር 15 ኢንች ነው። 15 ሲባዛ በ300 ይሆናል 4500። ቁመቱ በተመሳሳይ 3100 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ በወርድ 4500 ፒክስል ያለው ፋይል ካገኛችሁ ጨርሳችኋል። 3000 ቢሆንም በኦርጅናሉ መጠን ሲታተም ያምራል። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ፋይል ፈልጉ።

ፋይሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እናሳድገው የሚሉ አፕሊኬሽኖች አሉ። ለዚህ ሥራ አትጠቀሙባቸው። የእንጨቱን መስመርና የወረቀቱን ቃጫ እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ይጠርጉታል። ቀራጩ ያልቀረጸውን መስመርም ከራሳቸው ይፈጥራሉ። ውጤቱ ንጹሕ ይመስላል፣ ሥዕሉ ግን ከእንጨት የወጣ መሆኑ ይጠፋል።

ቀለም ማስተካከያውንም በራሱ እንዲያስተካክል አትፍቀዱለት። ክሬሙን ወረቀት «ላንጣው» ብሎ በረዶ ያደርገዋል። መቁረጥ የሚፈቀደው ከወረቀቱ ውጪ ያለውን የሙዚየሙን ግራጫ መደብ ብቻ ነው። ርዕሱና የሠዓሊው ፊርማ ያለበት የግራ ጥግ አይነካም።

ዝግጁ ቅጂ ለሚገዙ

ራሳቸው ማሳተም የማይፈልጉ ሰዎች ከሱቅ ይገዛሉ፣ ምንም ችግር የለውም። የምትገዙትን ግን እወቁ። ገበያ ላይ ያሉት በግርድፉ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ተራ ፖስተር ነው። ሁለተኛው በጥሩ የቀለም ማተሚያ በጥጥ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። ሦስተኛው ዛሬም በእጅ እንደገና ተቀርጾ በእጅ የሚታተም ነው። ቶኪዮ የሚገኘው አዳቺ የእንጨት ሕትመት ተቋም ለዚህ ይታወቃል። ይህኛው ውድ ነው፤ ለሚችል ሰው ግን የሚያስቆጭ አይደለም።

ለመለየት አጉሊ መነጽር ያዙ። ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ ከተሠራ የማሽን ሕትመት ነው። ድፍን ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ የሰረገ ከሆነ የእንጨት ነው። ወረቀቱን ገልብጡ። በእጅ የታተመ ከሆነ ቀለሙ ወደ ጀርባው ዘልቆ ይታያል፣ የባረኑ የፍትጊያ ዱካም አለ። ፍሬም ውስጥ ገብቶ ጀርባው የታሸገ ነገር «ኦርጅናል ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ካልከፈተ አትግዙ።

ማሳተም

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ነው? ቀለሙ ፒግመንት (ከማይሟሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ) ነው? ናሙና አትማችሁ ታሳዩኛላችሁ?

ወረቀቱ የጥጥ ቢሆን፣ ክብደቱም ከ200 እስከ 310 ግራም ቢሆን ይመረጣል። ለቀለም ማተሚያ የተዘጋጀ የጃፓን ወረቀት የምታገኙ ከሆነ ደግሞ እሱን የሚያህል የለም። በጣም ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወረቀት አትውሰዱ። እሱ ማንጫ ኬሚካል አለበት፤ ውሎ አድሮ ይደክምና ይቀየራል። ተፈጥሯዊ ነጭ የሚባለውን ምረጡ።

ፒግመንት ቀለም ከተራው የማተሚያ ቀለም ይልቅ ብርሃንን ይቋቋማል። ተራው መጀመሪያ ላይ ደማቅ ሆኖ ያሳምናችኋል። ፀሐይ የሚያገኘው ቤት ውስጥ ግን ቶሎ ይገረጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቦታ የሚቀርብላችሁ ካንቫስ ነው፣ ወይም የምርቃት ፎቶ እንደሚደረገው ኤምዲኤፍ ላይ ለጥፎ ላሚኔት ማድረግ። ሁለቱንም በትሕትና እምቢ በሉ። ካንቫስ የዘይት ሥዕል ጨርቅ ነው፤ ይህ ሥራ ጨርቅ ነክቶ አያውቅም። ላሚኔቱ ደግሞ ወረቀቱን ፕላስቲክ ያደርገዋል፣ አንዴ ከተለጠፈም መመለሻ የለውም።

ፋይሉን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩት። እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ያ ሁሉ የፒክስል ስሌት ከንቱ ይሆናል። ፍላሽ ይዞ መሄድ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ናሙናው ሙሉ ሥዕል መሆን የለበትም። ከላይ እስከ ታች አሥር ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይበቃል። ሰማዩን፣ ማዕበሉን፣ ጀልባውን የሚይዝ ቦታ ምረጡ። ቁራጩን ወደ መስኮት ወስዳችሁ በቀን ብርሃን እዩት፤ የማተሚያ ቤት መብራት ቀለም ይለውጣል። ሰማያዊው ወደ ወይን ጠጅ ካደላ ንገሯቸው፣ ማስተካከል ይችላሉ። ክሬሙ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ከሄደም እንዲሁ።

የመጨረሻውን ሲያትሙ በዙሪያው ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ወረቀት እንዲተዉ አሳስቧቸው። ይህን ባዶ ዳር በኋላ እንፈልገዋለን። ሥዕሉ 38 በ26 ከሆነ ወረቀቱ 44 በ32 ይሆናል። ኤ3 አይበቃም፤ ከእሱ ጥቂት የሚሰፋው ኤ3 ፕላስ የሚሉት ይበቃል።

ፓስፓርቱ፦ የፍሬሙ ግማሽ ሥራ

በሥዕሉና በፍሬሙ መካከል የሚገባው፣ መሐሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ፓስፓርቱ ይባላል። ለዓይን ማረፊያ ይሰጣል። ከዚያ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ ማራቁ ነው። መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይጣበቃል። ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ክረምት ላይ ቤቱ ለሚቀዘቅዝና ግድግዳው ለሚረጥብ ሰው ይህ እውነተኛ ችግር ነው።

ካርቶኑ አሲድ የሌለው ይሁን። ተራ ካርቶን ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፤ የሚነካውን ወረቀትም ዳሩን ያቃጥለዋል። ቀለሙ ከሥዕሉ ወረቀት ትንሽ የነጣ ክሬም ቢሆን እመርጣለሁ። ጭልጥ ያለ ነጭ ከሆነ ሥዕሉ የቆሸሸ ይመስላል። ከማዕበሉ ጋር ይሂድ ተብሎ ሰማያዊ ፓስፓርቱ ሲደረግም አያለሁ። ያን ጊዜ ዓይን ካርቶኑን ነው የሚያየው።

ልኩን በምሳሌ እንሥራው። ዝግጁ ፍሬሞች በብዛት የሚገኙት በ30 በ40፣ በ40 በ50 እና በ50 በ70 ሴንቲ ሜትር ነው። 30 በ40 ለዚህ ሥዕል ይጠብበታል። 50 በ70 ደግሞ ይውጠዋል። 40 በ50 ልክ ነው።

ፍሬሙን አግድም አድርጉት፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 40። ሥዕሉ 38 በ26 ነው። መስኮቱን 39 በ27 ቁረጡት። እንዲህ ሲሆን በሥዕሉ ዙሪያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ባዶ ወረቀት ይታያል። ብዙ ፍሬም ሠሪዎች መስኮቱን ከሥዕሉ አጥብበው ዳሩን መሸፈን ይወዳሉ፣ ንጹሕ ስለሚመስል። እኔ ግን ዳሩ እንዲታይ እከራከራለሁ። የቀለሙ ጫፍ የት እንዳለቀ ማየት ሥዕሉ የታተመ ወረቀት መሆኑን ይናገራል።

የቀረው ስፋት ሲከፋፈል ግራና ቀኝ 5.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳቸዋል። ከላይ 6፣ ከታች 7 አድርጉ። የታቹ በጥቂቱ መብለጥ አለበት። እኩል ከሆነ ሥዕሉ ወደ ታች የወረደ ይመስላል፤ ዓይን የሚያየው እንዲያ ነው።

ራሳችሁ ከቆረጣችሁ አዲስ ምላጭ ያለው ከተርና የብረት ማስመሪያ ያስፈልጋል። በካርቶኑ ጀርባ በእርሳስ አስምሩ። ከሥር ሌላ የማያስፈልግ ካርቶን አንጥፉ። በአንድ ጊዜ በኃይል አትጫኑ፤ በተመሳሳይ መስመር ደጋግማችሁ በቀስታ ሂዱ። ጥጎቹ ላይ ምላጩ ካልደረሰ በእጅ አትንጩት፣ ይቀደዳል። በ45 ዲግሪ ያዘመመ ቁርጥ ከፈለጋችሁ ለዚያ የተሠራ መቁረጫ አለ፤ ከሌለ ፍሬም ቤት አስቆርጡ።

ሥዕሉን ማስያዝ

እዚህ ላይ ስኮች፣ ኮላ፣ ሁለት ፊት ያለው ፕላስተር የሚባል ነገር ከጠረጴዛው ይነሳ። ስኮች ከጊዜ በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ያቆሽሻል። በኮላ ሙሉ ለሙሉ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ አየሩ ሲረጥብና ሲደርቅ መለጠጥና መሰብሰብ ስለማይችል ይጨማደዳል።

ቀላሉ መንገድ የወረቀት ጥግ ነው። አሲድ ከሌለው ወረቀት አራት ቁራጭ ቆርጣችሁ እንደ ትንሽ ኪስ በሦስት ማዕዘን እጠፉ። የሥዕሉን አራት ጥጎች ኪሶቹ ውስጥ አስገቡ። ኪሶቹን ብቻ ከኋላ ባለው ካርቶን ላይ ለጥፉ። ሥዕሉን ምንም ሙጫ አይነካውም። ቅድም የተውነው የ3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ዳር ሥራው ይህ ነው፤ ኪሶቹ ከፓስፓርቱ ሥር ተደብቀው ይቀራሉ። ኪሱን በጣም አታጥብቁት። ወረቀቱ በጥቂቱ መንቀሳቀሻ ይኑረው።

ሁለተኛው መንገድ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ነው። ከቀጭን የጃፓን ወረቀት ሁለት ትንንሽ ቁራጮች በስንዴ ስታርች ሙጫ የሥዕሉ የላይኛው ዳር ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፤ ሥዕሉ ከእነሱ ይንጠለጠላል። የሚለጠፈው ከላይ ብቻ ነው። ሙጫው በውሃ ይለቃል፣ ስለዚህ ነገ ሊቀየር ይችላል።

መስታወትና ፍሬም

ተራ መስታወት ይሠራል። ገንዘቡ ካለ ጎጂ ጨረር የሚያጣራውን፣ ነጸብራቅ የማይመልሰውን ውሰዱ። መስኮት ፊት ለፊት የሚሰቀል ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። «አይስ» የሚሉትን የተሻከረ መስታወት ተዉት፤ ነጸብራቁን ቢቀንስም ቀጫጭኑን መስመር ያደበዝዛል። ከውጭ አገር በሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ሰው አክሪሊክ ይሻላል። ይቀላል፣ አይሰበርም። በአሞኒያ መስታወት ማጽጃ ግን አይወለወልም፤ ለስላሳ ጨርቅና ውሃ ይበቃዋል።

ፍሬሙ ቀጭን ይሁን፣ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር። ጥቁር ወይም ያልተቀባ እንጨት። አናጺ ጋ የምታሠሩ ከሆነ የዋንዛ እንጨት ያምራል፤ ቫርኒሹ ግን የማያብረቀርቅ ይሁን። ወርቅ የተቀባ፣ አበባ የተፈለፈለበት ፍሬም ለዚህ ሥዕል አይሆንም። ሥዕሉ በዘመኑ ከሁለት ሳህን ኑድል ዋጋ ብዙም የማይርቅ፣ የኤዶ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ የሚገዛው ነገር ነበር። ከወርቅ ጋር ሲቀመጥ የማይመስለውን ሰው ልብስ የለበሰ ይሆናል።

ለጥልቀቱም ተጠንቀቁ። መስታወት 2 ሚሊ ሜትር፣ ፓስፓርቱ 2፣ ሥዕሉና የኋላ ካርቶኑ ከ4 እስከ 5። የፍሬሙ ውስጥ ጥልቀት ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ካልሆነ አይዘጋም።

ከመዝጋታችሁ በፊት መስታወቱን በሁለቱም በኩል ወልውሉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ፍሬሙን አቁማችሁ በፋኖስ ወይም በስልክ መብራት ከጎን ፈትሹ፣ ብናኝ ይታያችኋል። ከኋላ በትናንሽ ሚስማር ከያዛችሁ በኋላ ጀርባውን በሙሉ በቡናማ ወረቀት አሽጉ። አቧራና ነፍሳት እንዳይገቡ ነው።

መስቀል

የኦርጅናል ሕትመቶች ቀለም፣ በተለይ ከዕፅዋት የሚገኙት ቀይና ሰማያዊ፣ በብርሃን ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ሙዚየሞች በ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ደብዛዛ መብራት፣ ለጥቂት ወራት ብቻ አሳይተው ወደ ጨለማ ሣጥን የሚመልሷቸው። ቅጂ ያለው ትልቁ ነጻነት እዚህ ነው፤ በየቀኑ አብረነው መኖር እንችላለን። ሆኖም ቀጥተኛ ፀሐይ ለማንኛውም ወረቀት ጠላት ነው። ጠዋት ወይም ከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ ተዉ። ከምድጃ በላይ፣ ቡና ተፈልቶ ዕጣን የሚጨስበት ቦታ አጠገብም አትስቀሉት። ጭሱ መስታወቱን ብቻ ሳይሆን በቀዳዳው ገብቶ ካርቶኑን ያጠቁራል።

የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው ክፍል ከሆነ ዝቅ አድርጉት። ሶፋ በላይ ከሆነ ከመደገፊያው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ትንሽ ሥዕል ስለሆነ ባዶ ሰፊ ግድግዳ መሐል ብቻውን ይጠፋል። ጠባብ ግድግዳ፣ ኮሪደር፣ የጠረጴዛ በላይ፣ ሰው ተጠግቶ የሚያልፍበት ቦታ ይስማማዋል።

ሰፊ ግድግዳ ያለው ሰው ማሳደግ የለበትም፣ መደርደር ይችላል። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ዢቨርኒ በሚገኘው ቤቱ ከ200 በላይ የጃፓን ሕትመቶች ነበሩት። ቢጫ በተቀባው የምግብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቀላል ፍሬም ለብሰው ተጠጋግተው ተሰቅለዋል። ከአንድ ተከታታይ ሦስት ወይም አራት መርጣችሁ፣ አንድ ዓይነት ፍሬም አልብሳችሁ፣ በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ ስቀሉ። ወደ አንድ ሜትር ተኩል ከተለጠጠ «ማዕበል» ይበልጣል።

የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ሚስማር በመዶሻ መምታት ልስኑን ያፈርሳል። በድሪል ብሱ፣ ፊሸር አስገቡ፣ ከዚያ ቪቴ። ሁለት ቦታ ማንጠልጠያ ካደረጋችሁ ፍሬሙ አይዘምም። በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከፍሬሙ ጀርባ በታች በኩል ሁለት ትንንሽ የወፍራም ጨርቅ ወይም የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ፤ በግድግዳውና በፍሬሙ መካከል አየር ይገባል፣ የክረምት እርጥበት አይታቆርም።

አንድ ነገር ይቀራል። ከመስቀላችሁ በፊት ጀርባው ላይ ወረቀት ለጥፉና የሥዕሉን ስም፣ የሠዓሊውን ስም፣ ኦርጅናሉ የታተመበትን ዓመት፣ ፋይሉ የተወሰደበትን ሙዚየም ጻፉ። ከሥሩ «ቅጂ» ብላችሁ ያሳተማችሁበትን ዓመት ጨምሩ። ፍሬም ከቤት ቤት፣ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ በኋላ የሚያገኘው ሰው ምን እንደያዘ ማወቅ አለበት።